ቀጭኑ ገመድ

ቁንጫ አሥር ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷም የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። እውነተኛ ስሟ ቁንጫ እንዳልሆነ መቼም ገምታችኋል። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማትችል ታላቅ እህቷ ያወጣችላት ስም ነው። እናቷ በእውነተኛ ስሟ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው። እኛ አልተቆጣንምና ቁንጫ እንበላት።

ያቺ ስም ያወጣችላት እህቷ ግን ቤት የለችም። ቁንጫ እታለም ትላታለች። ሃያ ዓመቷ ነው። ሩቅ ከተማ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። የምትተኛውም እዚያው ግቢ፣ አሥራ ስድስት ልጆች በሚያድሩበት አዳራሽ ነው። የራሷ ስልክ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንዷን ጓደኛዋን ለምና፣ ስልክ ተውሳ ትደውላለች፤ የምትዋሰው በየጊዜው ከሌላ ልጅ ስለሆነ መልሶ እሷን ማግኘት አይቻልም።

ስትደውል ታስላለች። ፋብሪካው ውስጥ ላስቲክ ይቀልጣል፣ ሽቦ ይበየዳል። መስኮቱ አይከፈትም። ጭሱ መውጫ ሲያጣ የሠራተኞቹ ደረት ውስጥ ይገባል።

«ጉንፋን ነው እማ» ትላለች እታለም።

ልጆቼ፣ ስምንት ወር የቆየ ጉንፋን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እናትየውም አልሰማችም። ግን ምን ታድርግ? የቤት ኪራዩ የሚከፈለው እታለም በምትልከው ነው።

እናትየው ላውንደሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ማታ ስትመለስ እግሯ ጫማ ውስጥ ስለሚያብጥ ጫማውን ቁንጫ ትጎትትላታለች። አንዳንዴ ጫማው ድንገት ሲወጣ ቁንጫ በጀርባዋ ትወድቃለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ያ ቤት የሚስቅበት ሰዓት ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። ቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጌ ስልክ ብቻ ነበረች። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት የቻርጀር ገመድ ጨርሳለች። አንዱ አንገቱ ላይ ተላጠ። አንዱ ጋለና ሸተተ። አንዱ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት፣ እንዲያው ዝም ብሎ ሞተ። መንገዱ ማዶ ያለው ስልክ ሠሪ እናትየው የወሰደችለትን አምስተኛውን አይቶ ሳቀ።

«እህቴ፣ እነዚህ ቀጫጭን ነጫጮች ባይኖሩ እኔ ጾሜን አድር ነበር» አላት። «ግን እውነቱን ልንገርሽ። ከኔ ሱቅ አራት ቤት አልፎ አንዲት ሴትዮ ወፍራም፣ በክር የተሸመነ ገመድ ትሸጣለች። ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። የሚሠሩት ሰዎች በወጉ ይከፈላቸዋል። ከተበላሸ ደግሞ ይዘሽ ከሄድሽ ይጠግኑልሻል።»

በቀጣዩ ቅዳሜ እናትየው ይህንኑ ለእታለም ነገረቻት። እታለም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ግዢው እማ። የኛን አትግዢ። ውስጡን እኔ አውቀዋለሁ።»

እናትየውም ቆረጠች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አውቶቡስ ትታ በእግሯ ሥራ ሄደች፤ በእግሯ ተመለሰች። ያጠራቀመችውን በወረቀት ጠቅልላ ለቁንጫ ሰጠቻት።

«ወፍራሙን። ከሴትዮዋ ሱቅ። ሌላ ቦታ እንዳትቆሚ።»

«እሺ እማ» አለች ቁንጫ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ሴትዮዋ ሱቅ ሳትደርስ አንድ ሻጭ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሸራው ላይ መነጽር፣ ማበጠሪያ፣ ነጫጭ ገመዶች፣ እና አንድ ባለ አራት ቀለም እስክሪብቶ ነበረ። ሲጫኑት ቀይ፣ ሲጫኑት አረንጓዴ። ክፍላቸው ውስጥ እንዲህ ያለ እስክሪብቶ ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም አታውስም። ቁንጫ ቆመች።

«ምን ልስጥሽ እሙዬ?» አለ ሻጩ።

«ምንም። እኔ ወፍራም ገመድ ልገዛ ነው።»

«ወፍራም! ከብት ልታስሪበት ነው?»

ቁንጫ ሳቀች። ሻጩም ሳቀ። የሳቀ ልጅ ግማሽ መንገድ እንደመጣለት ያውቃል።

«ስልክ እንደሆነ በቀጭኑም ይሞላል» አላት። «ሦስት የሚገዛ ገንዘብ ይዘሽ አንድ ልትገዢ? ይኸው ገመዱን ውሰጂ፤ እስክሪብቶውን ጨምሬ። ከረሜላ መግዣም ይተርፍሻል።»

ቁንጫ የእናቷን እግር አሰበች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ እስክሪብቶውን ተጫነችው። ሰማያዊ ወጣ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ገመዱን በጣቷ መዝና አየችው።

«ይኼ ነው ወፍራሙ?»

«አሁን እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» አለች ቁንጫ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ዋናው ውስጡ ነው አለችኝ ሴትዮዋ።»

እናትየው አመነቻት። ለምን አታምናት? ልጇ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ ልጆቼ። አጥቶ ርካሹን መግዛት ኃጢአት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ቤት ያ ቀጭን ነጭ ገመድ እንዳለ አውቃለሁ፤ የእኔም ቤት ነበረ። የሌለው ሰው በያዘው ነው የሚገዛው፤ በዚህ ማንም አይፈርድበትም። ቁንጫ ግን አላጣችም። ደህናው ገመድ ዋጋው ተከፍሎ ነበር። እናቷ በእግሯ ከፍላዋለች።

አንድ ሳምንት ገመዱ ደህና ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ጫፉን ካላጎበጡት አልሞላ አለ። ቁንጫ ከሥሩ መጽሐፍ ታስገባለት፣ ከላዩ ማንኪያ ትጭንበት ጀመር። እናቷ ስትጠይቃት «ሶኬቱ ነው» አለች። አንድ ውሸት ብቻውን መኖር አይችልም፤ ጎረቤት ይፈልጋል።

በዚህ መካከል የእታለም ውል ሊያልቅ ደረሰ። የፋብሪካው ደንብ አጭር ነው፤ ውሉ ያለቀበት ወይ ለሁለት ዓመት ይፈርማል፣ ወይ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። እታለም መውጣት ፈልጋለች። ግን ሥራ ሳይኖራት ብትመጣ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? እናትየው የላውንደሪውን አለቃ ትለምን ጀመር። ከጎኗ ያለው የመተኮሻ ጠረጴዛ ባዶውን ነበር። አለቃው «አርብ እነግርሻለሁ» አላት።

ቅዳሜ እታለም ስትደውል እናቷ እንዲህ አለቻት።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ደውዪ። ቦታው ከተገኘ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳዋለሁ።»

«እኛም የምንፈርመው ሦስት ተኩል ላይ ነው» አለች እታለም። «እጸልያለሁ እማ። ደረቴ ደክሞኛል።»

አርብ ከሰዓት በኋላ እናትየው ደረጃውን ሮጣ ወጣች። አራት ፎቅ፣ በዚያ እግሯ።

«ሰጠን! ቦታውን ሰጠን! ሰኞ ትጀምር አለኝ!» ቁንጫን አቅፋ አሽከረከረቻት። ከዚያ ግድግዳው ጥግ ተንበርክካ ፈጣሪዋን አመሰገነች። እያለቀሰች ነበር የምታመሰግነው። ስትነሳ ስልኩን ለቁንጫ ሰጠቻት።

«ሙሉ ይሁን። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንዳይጠፋብኝ» አለችና ለእታለም ፍራሽ ልትዋስ ከታች ፎቅ ጎረቤታቸው፣ የሹፌሩ ሚስት ቤት ወረደች።

ቁንጫ ገመዱን ሰካችው። መብራቱ ብልጭ አለና ጠፋ። መጽሐፉን አስገባች። አልሆነም። ማንኪያውን ጫነች። አልሆነም። ተናደደችና ገመዱን በኃይል ገፋችው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ስታወጣው ጫፉ የለም። ትንሿ ብረት ተሰብራ ስልኩ መሰኪያ ውስጥ ቀርታለች።

ክው አለች።

ልጆቼ፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ስልክ ሠሪው ሱቁን አልዘጋም። ከመስኮት ሳይሆን ከደረጃው ላይ ቢያዩ መብራቱ ይታያል። ቁንጫ ያን ሰዓት «እማ፣ አጥፍቻለሁ» ብትል ኖሮ ነገሩ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ግን ያን ካለች ስለ ገመዱ ልትናገር ነው። ስለ ገመዱ ከተናገረች ስለ እስክሪብቶው ልትናገር ነው። ስልኩ ላይ አሥራ አንድ በመቶ ይላል። እስከ ጠዋት ይቆያል ብላ አሰበች። ይቆይልኝ ብላ ጸለየችም። ስልኩን በግንባሩ ደፋችው፤ የተሰበረውን ገመድም የተሰካ እንዲመስል ከሥሩ ወሸቀችው።

እናቷ ፍራሹን ተሸክማ ገባች። «እየሞላ ነው?» አለች።

«እየሞላ ነው» አለች ቁንጫ።

ጠዋት እናትየው ለአንድ ሰዓት ፈቃድ ስለጠየቀች ቤት ነበረች። ፍራሹን አነጠፈች፣ ደግማ አነጠፈች። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኩን አነሳች። ጥቁር ነው። ተጫነችው። ጥቁር ነው። ገመዱን ስትስበው ያለ ጫፉ እጇ ላይ ቀረ።

የሹፌሩን ሚስት ገመድ ተውሳ መጣች። የሰው ገመድ ደህና ነው፣ ግን የስልኩ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ አልገባም አለ። «ወርቄ ምን ጉድ ነው?» አለቻት የሹፌሩ ሚስት። ሲም ካርዱን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ መክተት በድንጋጤ ለሁለቱም አልታሰባቸውም። ስልኩን ይዛ፣ ጫማዋን ሳታስር፣ ደረጃውን ወረደች። ቁንጫ ከኋላዋ ሮጠች።

ስልክ ሠሪው ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ሦስት ተኩል ላይ ነው የሚከፍተው። እናትየው የብረቱን በር በመዳፏ መታችው። ማንም የለም። ደግማ መታችው። መንገደኞች ዞረው አዩዋት። ቁንጫ አጠገቧ ቆማ መንገዱ ዳር ባለው ማማ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሲዞር ታያለች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ከሩብ ሆነ። በዚያች ደቂቃ እታለም እየደወለች እንደሆነ ታውቃለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። መሬት ግን አልተከፈተችም።

ስልክ ሠሪው ሲመጣ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። እናትየውን ባየ ጊዜ ሰላምታውን ዋጠና በሩን ከፈተ። ሲም ካርዱን አውጥቶ በራሱ ስልክ ውስጥ ከተተላት። ሲከፈት መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። ሰባት ጊዜ ተደውሏል። ከሥሩ አንድ ጽሑፍ አለ። ስልክ ሠሪው ጮክ ብሎ አነበበላት።

«እማ፣ ሰባት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልክሽን ዘግተሽዋል። ገብቶኛል፣ ቦታው አልተገኘም። ለመንገር ከብዶሽ ነው። ለኔ እንዳታዝኚ። ተራዬ ቀድሞ ደረሰና ፈረምኩ። ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። ቁንጫን ሳሚልኝ።»

እናትየው ቁጥሩን ደወለች። አንዲት የማታውቃት ልጅ አነሳች።

«የእታለም እናት ነሽ? ውይ እናቴ! ስልኩ የኔ ነው። እሷ ሥራ ገብታለች።»

«ጥሪያት! ቦታው ተገኝቷል በያት! ልጄ በናትሽ ሮጠሽ ንገሪያት!»

ልጅቷ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ወረቀቱ ሄዷል እናቴ። መታወቂያዋንም ወስደውታል። ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ለማንም አይመልሱም። ትንሽ ጠብቂ ብያት ነበር። አለቃው ወይ ፈርሚ ወይ ውጪ አላት። እሷም 'እማ ቦታው ቢገኝ አንዴ ሳይጠራ ታነሳው ነበር' አለች።»

ስልክ ሠሪው ይህን እየሰማ የተሰበረችውን ብረት በወረንጦ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

«ይኼ የወፍራሙ ገመድ ጫፍ አይደለም» አለ።

«ወፍራሙን ነው የገዛነው» አለች እናትየው።

ሰውዬው ቁንጫን አያት። ቁንጫ ሁሉንም ተናገረች። ስለ ሻጩ፣ ስለ እስክሪብቶው፣ ስለ ሶኬቱ፣ ስለ ትናንቱ። ማቋረጥ አልቻለችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አንዳንዴ ግን ጠርቶም አይጠቅምም።

እናትየው አልጮኸችም። ቁንጫ ብትጮህባት በወደደች።

«ትናንት ብትነግሪኝ?» አለቻት።

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«አዎ።»

እናትየው ደንበኛ የሚቀመጥባት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ያልታሰረ ጫማዋን አየችው፤ ግን አላሰረችውም። ሰኞ ሥራ ስትገባ ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ልጅ ቆማለች። ደህና ልጅ ናት። እናትየው አንሶላ አያያዙን አሳየቻት።

እታለም በሚቀጥለው ቅዳሜ ደወለች። እናትየው ቦታው ተገኝቶ እንደነበር ልትነግራት አልፈለገችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር። ቁንጫ ግን ስልኩን ለመነቻት። ወሰደችና ምንም ሳታስቀር ተናገረች። ከሌላኛው ጫፍ ሳል ተሰማ።

«ነጩን ነው የገዛሽው?» አለች እታለም በመጨረሻ።

«አዎ እታለም።»

«እሱን እኛ ነን የምንሠራው። እኔ ፈታኝ ነኝ። እያንዳንዱን ሰክቼ መብራት ሲበራ ነው 'ተፈትኗል' የሚለውን ወረቀት መለጠፍ ያለብኝ። ግን የተባለውን ያህል ካላወጣን ምሳ አንወጣም። ስለዚህ ከሃያ አንዱን እፈትናለሁ፤ በሃያዎቹም ላይ እለጥፋለሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።» ሳሏ አቋረጣትና ቀጠለች። «አንቺ አንድ ገመድ ዋሸሽ ቁንጫዬ። እኔ ቀኑን ሙሉ ነው የምዋሸው።»

«ታዲያ ለምን አትተዪውም?» አለች ቁንጫ እያለቀሰች።

«ልተወው ነበር» አለች እታለም።

ስልኩ የሰው ነበርና ተዘጋ።

ያን ቀን ቁንጫ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ጫማዋን ጎተተችላት። በጀርባዋ አልወደቀችም፤ ማንም አልሳቀም።

«እማ፣ ይቅር ብለሽኛል?»

«ይቅር ብዬሻለሁ።»

«እታለምስ?»

«እሷም ይቅር ብላሻለች።»

«እግዚአብሔርስ?»

«እውነቱን ተናግረሽ የለ? እሱም ይቅር ብሎሻል።»

ቁንጫ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ፊቷ ትንሽ በራ።

«እንግዲያው ትመጣለቻ?»

እናትየው የልጇን ፀጉር ዳበሰች፤ ዳበሰችና ተወችው።

«ከሁለት ዓመት በኋላ» አለች።

ልጆቼ፣ በአደራ የተሰጣችሁን እንደታዘዛችሁት ፈጽሙ፣ ስታጠፉም ሳይመሽ ተናገሩ፤ እናንተ ያልከፈላችሁትን ዋጋ ሌላ ሰው ይከፍለዋል፤ ይቅርታም ያንን አይመልስም።